የእትዬ አሰገደች ጸሐፊ

ሰው ሲቀና እንኳ ደረጃውን የጠበቀ ቅናት ነው መቅናት ያለበት። ስሙ ጋዜጣ ላይ በሚወጣ፣ መጽሐፉ ሲመረቅ አዳራሽ ሞልቶ ሰው በር ላይ በሚቆምለት ደራሲ ቀንቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ሳወራችሁ አንገቴን አልደፋም ነበር። እኔ የቀናሁት ግን በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት በቀራቸው፣ ሰማያዊ ጋዋን በሚለብሱ፣ መነጽራቸውን በጫማ ክር አስረው አንገታቸው ላይ በሚያንጠለጥሉ፣ እትዬ አሰገደች በሚባሉ ሴትዮ። ቀናሁ ስላችሁ ደግሞ ትንሽ ቅር አለኝ ማለቴ አይደለም። ምሳ አልወርድ አለኝ። ሳቃቸውን ከደረጃው ሥር ስሰማ ጨጓራዬን ያቃጥለኝ ጀመር። ሐኪም ቤት ሄጄ «ምን በልተህ ነው?» ስባል «ላይክ» ልል ምንም አልቀረኝም።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ካዛንቺስ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ የዓመት ፈቃድና የዝውውር ደብዳቤ እጽፋለሁ። በቀን ሃያ ጊዜ «ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ውስጡ የሆነ ነገር ይጠራቀማል። እኔም ተጠራቀመብኝና ጸሐፊ መሆኔን አወቅሁ። ችግሩ፣ ይህን ያወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ታዲያ አንድ ቀን ለገሃር የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስልኬን ስጎረጉር የጀማሪ ጸሐፊዎች ግሩፕ አገኘሁ። ሺዎች ናቸው! ደሴ ያለች ነርስ ተረኛ በሆነች ቁጥር ግጥም ትጽፋለች። ሐዋሳ ያለ የጂኦግራፊ አስተማሪ ልብ ወለድ ጀምሮ አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ዋናው ሰውዬ ሳያስበው ሞቶበት «ምን ባደርግ ይሻላል?» ብሎ አባላቱን ያማክራል። አገሩ ሁሉ ለካ ተደብቆ ሲጽፍ ነው የኖረው። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ታክሲው መጥቶ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እኔ ባለሁበት ቀረሁ። ከኋላዬ የነበረችው ልጅ «ወንድም፣ እየሄድክ ነው ወይስ እዚሁ እየኖርክ ነው?» አለችኝ።

ግሩፑን የሚያስተዳድረው ያሬድ የሚባል ልጅ ነው። በየሳምንቱ አንድ ጽሑፍ መርጦ ገጹ አናት ላይ ይሰቅላል። «የሳምንቱ ጽሑፍ» ይባላል። እኔ ለዚያ ስቅላት ያልከፈልኩት መሥዋዕት የለም። «የሐምራዊ ዝምታ ጩኸት» የሚል ታሪክ ጻፍኩ። አንድ ወጣት ለገሃር ዝናብ ላይ ቆሞ የማትመጣ ፍቅረኛውን ሦስት ገጽ ሙሉ ይጠብቃል። አሥራ አንድ ላይክ አገኘ። ከአሥራ አንዱ አንዱ የባለቤቴ የሰናይት ነው። አንዱ የራሴ ነው። አንዱ ደግሞ ያየውን ሁሉ ላይክ የሚያደርግ፣ የሐዘን ማስታወቂያ እንኳ የማይምር ሰውዬ ነው። ኮሜንት ሁለት ነበር። አንደኛው «ዋው» ይላል። ሁለተኛው «ብዕርህ ይለምልም፤ የኔንም እይልኝ» ይላል።

ስለዚህ የላይክ ምልመላ ጀመርኩ። የጥበቃውን፣ የገንዘብ ያዧን፣ የሾፌሩን ስልክ እየተቀበልኩ ግሩፑ ውስጥ አስገባኋቸው። በዚህ ዘመቻ ላይ ሳለሁ ነው እትዬ አሰገደች፣ ልጃቸው ስልክ ስትቀይር አሮጌውን ሰጥታቸው፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ስልክ ይዘው ብቅ ያሉት። የሥራ መታወቂያቸውን ፎቶ አንስቼ፣ ገጽ ከፍቼ፣ መዝገብ ቤት ድረስ ወርጄ በገዛ እጄ አስገባኋቸው። በገዛ እጄ! ይህንን ሳስታውስ እጄን አየዋለሁ።

«ይኸውልዎት እትዬ፣ ይቺን አውራ ጣት ሲነኳት ወደዱት ማለት ነው።»

«ሳላነበው?»

«ቢያነቡትም ባያነቡትም።»

«ኧረ ሳላነብማ አልፈርምም» አሉ። ሠላሳ ዓመት ፋይል ሲያስፈርም የኖረ ሰው እንዲህ ነው።

መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ሻዬን ጠጥቼ ጨረስኩ፤ ገና እያነበቡ ነው። በመጨረሻ መነጽሩን አወረዱና አዩኝ።

«ልጁ ምን ሆኖ ነው?»

«ዝምታው ውስጡ እየጮኸበት ነው።»

«ሐኪም አይቶታል?»

«እትዬ፣ ሥነ ጽሑፍ ነው እኮ።»

«እሱስ ገብቶኛል። ግን ሦስት ገጽ ሙሉ ዝናብ ላይ! እዚያ ጋ የሱቅ በረንዳ አለ፣ ጠጋ አይልም?» ብለው፣ ቅር እንዳይለኝ ብለው መሰለኝ፣ አውራ ጣቷን ነኩልኝ። አሥራ ሁለት።

እዚያ ላይ ተነሥቼ ብሄድ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ስግብግብ ነኝና «ኮሜንትም ይጻፉልኝ» አልኩ። «ፊደሉን ከየት አገኘዋለሁ? ‘ጸ’ን እስክፈልግ ጡረታዬ ይደርሳል» አሉ። «እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ እጽፋለሁ» አልኩ። ተናገሩ፤ ጻፍኩ፦

«ልጄ፣ ለገሃር ዝናብ ላይ መቆምን እኔም አውቀዋለሁ። ልጃገረድ ሳለሁ አንድ ሰውዬ ጃንጥላውን ከፍቶ ‘ግቢ’ አለኝ፤ ገባሁ። ሃያ ደቂቃ አብረን ቆምን። ጥሩ ሰው ነው ብዬ ሳስብ ታክሲ መጣ። የቀረው ወንበር አንድ ነበር። እሱ ዘሎ ገባና ጃንጥላውን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። ልመልስለት ብዬ ክረምቱን ሙሉ እዚያው ጃንጥላ ይዤ ቆምኩ። በኋላ ዝናቡ አለቀ፤ ዝናብ በሌለበት ጃንጥላ ይዛ የምትቆም ልጅ ሰው ያያታል ብዬ ተውኩት። ያንተም ልጅ ቢያንስ ጃንጥላ ቢይዝ ጥሩ ነው።»

ምሳ በልቼ ስመለስ የእሳቸው ኮሜንት ሁለት መቶ ላይክ ነበረው። የእኔ ታሪክ አሥራ ሁለት ላይ እንደቆመ ነው፤ የእኔው ልጅ ዝናብ ላይ እንደቆመ። ሰው ሁሉ ከታች «ከዚያስ እትዬ?»፣ «ሰውየው ተገኘ?»፣ «ጃንጥላው የት ደረሰ?» ይላል። ስለ ዝምታዬ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ያሬድ ደግሞ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «እናታችን፣ ኮሜንት ላይ አይቅሩብን። ራስዎን ችለው ይጻፉልን።»

ወርጄ ሳነብላቸው ሳቁ። «ምን አውቄ ነው የምጽፈው? እኔ የማውቀው ፋይል ነው።»

«እንግዲያው ስለ ፋይል ይጻፉ» አልኳቸው። በሆዴ፣ ስለ ፋይል ጽፎ የተወደደ ሰው የለም ብዬ ነው።

ሰኞ ጠዋት፣ የተጣለ ሰርኩላር ጀርባ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ አራት ገጽ አመጡልኝ። ምሳ ሰዓት ላይ መተየብ ጀመርኩ። ጡረታውን ሊያስከብር ስለመጣ ሰውዬ ነው። ፋይሉ ሲታይ ሰውየው ሞቷል። ሞቷል ተብሎ ተጽፏል፣ ማስረጃው ተያይዟል፣ ማህተም አርፎበታል። ሰውየው በየማክሰኞው ይመጣና በመስኮቷ አንገቱን አስግጎ «ዛሬስ አለሁ?» ይላል። እትዬም «ገና እየፈለግንህ ነው» ይሉታል። በመጨረሻ ለካ የሞተው ሞክሼው ኖሯል፤ ወረቀቱ ተሳስቶ ነው የገባው። ሰውየው ይህን ሲሰማ መደሰቱን ትቶ «ሟቹ ቤተሰብ አለው?» ብሎ አድራሻውን ተቀብሎ ለቅሶ ሊደርስ ሄደ።

እየተየብኩ ሳቅሁ። ሰው እንዳያየኝ ደንግጬ ዞር ዞር አልኩ። ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ ስተይብ ሳቁ ጠፋና ሌላ ነገር መጣብኝ፤ እሱን ሳል አስመስዬ አሳለፍኩት። ጥሩ ነው፣ ማለቴ በጣም ጥሩ ነው። ‘ሐምራዊ’ የሚል ቃል አንድ ቦታ እንኳ የለበትም። እንዲህ ያለ ነገር አያናድድም?

የሳምንቱ ጽሑፍ ሆነ። ቤት ስገባ ሰናይት ሽንኩርት እየከተፈች፣ ስልኳን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ፣ ዕንባዋ በሁለት ምክንያት ይወርዳል።

«ና እስቲ ይቺን ሴትዮ አንብባት! ‘ዛሬስ አለሁ?’ ይላል እኮ!»

«አንብቤዋለሁ።»

«መቼ?»

«ስተይበው። የመሥሪያ ቤታችን ሴትዮ ናቸው፤ የምተይብላቸው እኔ ነኝ።»

ቢላዋዋን አስቀምጣ በአዘኔታ አየችኝ። «አንተ ነህ የተየብከው? ታዲያ ትንሽ እንኳ አልተጋባብህም?»

የዚያን ዕለት ራት አልበላሁም። ሰናይት ጾም የጀመርኩ መስሏት አደነቀችኝ።

ቀጥሎ የመጣው ጽሑፍ የመሥሪያ ቤቱ ማህተም ጠፍቶ ሠራተኛው ሁለት ቀን ሲያስስ ስለዋለበት ጊዜ ነው። ወረቀቱን ፊት ለፊቴ አድርጌ ሁለት አንቀጽ እንዳለ ተየብኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ እጄ ከቁጥጥሬ ወጣ። «ትንሽ ላሳምረው» አልኩ ለራሴ። ሰው ሲያጠፋ ለራሱ የሚሰጠው ስም መቼም አይታጣም። እንዲህ የሚል ጨመርኩበት፦ «የማህተሙ መጥፋት የነፍሷን ሰማይ በሐምራዊ ደመና ጋረደው፤ ዝምታዋም እንደ ቆሰለ ክራር ደም አነባ።» አንብቤው ወደድኩት። አሁን ያያሉ፣ ከሁሉም የምትጠቀሰው ይቺ ትሆናለች ብዬ ለቀቅሁት።

ተጠቀሰች። «እትዬ፣ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ አሞዎት ነበር?» አለች የደሴዋ ነርስ፤ ሙቀታቸውን እንዲለኩም መከረች። «ሦስተኛውን ዘላችሁ አንብቡ» አለ ሌላው። አንዱ ደግሞ «ጓዶች፣ የእትዬ ገጽ ተጠልፏል!» ብሎ ጮኸ፤ ሃምሳ ሰው ተስማማ። ከሰዓት በኋላ ያሬድ ማስታወቂያ አወጣ፦ «የእትዬ አሰገደችን ገጽ የጠለፍክ ግለሰብ፣ ማንነትህን እየተከታተልን ነው፤ እናታችንን በሰላም ልቀቃቸው።»

እትዬ ወደ መዝገብ ቤት አስጠሩኝ። ስልኩን ከአፍንጫቸው አርቀው ይዘውታል።

«ይቺ ክራር ምንድን ናት?»

«ማሽኑ ነው እትዬ። አንዳንዴ በራሱ ይጨምራል።»

«ማሽኑ?»

«አዎ፣ አሁን የወጡት እንደዛ ናቸው። በቃ... ያስባሉ።»

በመነጽራቸው አናት በኩል ረዘም አድርገው አዩኝ። «ይገርማል። የዚህም ማሽን ዝምታው ሐምራዊ ነው» አሉ። «አውጣልኝ።» አወጣሁላቸው።

እዚህ ላይ የሚያበቃ ቅናት ቢሆን ጥሩ ነበር። ግን ያሬድ መጽሐፍ ሊያሳትም ነው። ከግሩፑ ሃያ ጽሑፍ ተመርጦ መድብል ሊወጣ፤ ሽፋን ያለው፣ ገጽ ያለው፣ መደርደሪያ ላይ የሚቆም መጽሐፍ። እያንዳንዱ ሰው እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ ሥራ ይልካል። ይህ ለእኔ ቀልድ አይደለም። አማቴ ለሰው ሲያስተዋውቁኝ «ልጄን ያገባት ጸሐፊ ነው» ይላሉ፤ ሰውም «የየትኛው ፍርድ ቤት?» ይላል። አማቴም መልሱን ከእኔ ይጠብቃሉ። ስምንት ዓመት ጠብቀዋል። መጽሐፉን ገልጬ ስሜን በጣቴ ላሳያቸው ነበር።

እትዬ በዚያው ሰሞን በፖስታ የታሸገ ወረቀት ይዘው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ፣ ጉልበታቸውን እየያዙ፣ መጡ።

«ይቺን ለማንም አሳይቼ አላውቅም። ባለቤቴ ጋሽ ደምሴ ካረፉ ወዲህ ነው የጻፍኳት። ለመጽሐፉ ትሁን» አሉና ወረቀቱን ሰጥተውኝ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። «አደራ።»

ሲሄዱ ከፍቼ አነበብኩት።

እትዬ ቄራ ነው ተወልደው ያደጉት። ልጅ ሆነው ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሳቸው ለእርድ የመጣው ከብት ድምፅ ነበር። አግብተው ካዛንቺስ ሲገቡ ጠዋቱ ጭጭ አለባቸው፤ መንቃት አቃታቸው። ሥራ በጀመሩ በወሩ ሁለት ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው። ባላቸው ጋሽ ደምሴ በአሥራ ሁለት ዓመት የሚበልጧቸው፣ ከረባት ሳያስሩ ከበር የማይወጡ ኮስታራ ሰው ነበሩ። የሚደውል ሰዓት ገዙላቸው፤ አልረዳም። ውኃ ረጩባቸው፤ ዞረው ተኙ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ከረባታቸውን እንዳሰሩ አልጋው አጠገብ ቆሙና፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንደ በሬ ሆኑ። እትዬ ብድግ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ለሃያ ስድስት ዓመት። የመጀመሪያው ፋሲካ ሲቃረብ ጎረቤቶች ተሰብስበው መጡ፤ ጓሮ በሬ ያስገቡ መስሏቸው ቅርጫው ውስጥ እንዲያስገቧቸው ሊለምኑ። ጋሽ ደምሴ ከረባታቸውን አስተካክለው «በሬው ለእርድ አይደለም» አሏቸው። ጽሑፉ የሚያልቀው እንዲህ ነው፦ «ዛሬ ስልኩ ይጮሃል፤ እኔም እነቃለሁ። ተነሽ ያለኝ ሰው ግን የለም።»

ወረቀቱን አጠፍኩት። ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። ነገ እተይበዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ኔትወርክ የለም አልኩ። ነበረ። በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ፤ ይኸውና፣ አልኩ ደስ ብሎኝ፣ የእኔ ጥፋት አይደለም። ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ መጣ። ያን ዕለት በመጣው መብራት የራሴን «የሐምራዊ ዝምታ ጩኸት» አርሜ ላክሁ፤ ለልጁ ጃንጥላ ጨመርኩለት። ወሩ አለቀ።

«ላክኸው?» አሉኝ እትዬ ደረጃ ላይ አግኝተውኝ።

«ልኬዋለሁ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የሃያው ስም ዝርዝር ወጣ። ከላይ ወደ ታች አነበብኩት፤ ከታች ወደ ላይ አነበብኩት። የለሁበትም። የሐዋሳው አስተማሪ እንኳ፣ ሰውየው በሞተበት፣ ገብቷል። ራሴን ይዤ ቁጭ እንዳልኩ በሩ ተንኳኳና እትዬ ገቡ። በላስቲክ ዳቦ ይዘዋል።

«ምሳ አልወረድክም ሲሉኝ ነው የመጣሁት» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ልቤ ያዘነው ላንተ ነው። አንተ ስትለፋ ሁሌ አይሃለሁ። ለዚያ ለያሬድ ‘የልጁን አስገባለት’ ብዬ በድምፅ ልኬለት ነበር። ‘የማንን ማስገባት እንዳለብን እኛ እናውቃለን እናቴ፤ ደግሞ የእርስዎ እኮ አልደረሰንም’ አለኝ።» ላስቲኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። «መንገድ ላይ ይጠፋል እንዴ?»

ማሽኑ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ዳቦዋ ትኩስ ስለነበረች ላስቲኩ ላብ ይዞታል። እሱን እሱን እያየሁ አፌን መልሼ ዘጋሁት።

«መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው እትዬ።»

«የማን መሳቢያ?»

«የእኔ።»

«ረስተኸው ነው፤ አይደል?» አሉ። መውጫ በር ከፍተውልኝ ነበር። በዚያ በር ሮጬ ብወጣ ማንም አይዘኝም።

«አልረሳሁትም። ቀንቼ ነው።»

እጃቸውን ዘረጉ። መሳቢያውን ከፍቼ ሰጠኋቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ገጾቹን ቆጠሩ፤ አስተካክለው አጠፏቸው።

«የጋሽ ደምሴን ነገር ነው እኮ የሰጠሁህ» አሉ። ጮክ ብለው አልተናገሩም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሡና ዳቦዋንም ይዘዋት ሄዱ። ልክ ናቸው።

ከዚያ በኋላ የጠየቅሁት ፋይል ሁሉ «እየተፈለገ ነው» ይባል ጀመር። የአንድ ሾፌር ፈቃድ ለመጻፍ ስምንት ቀን ፈጀብኝ፤ ሾፌሩ እኔን እያየ መሪ እንደጨበጠ ሰው ጥርሱን ያፋጫል። አንድ ቀን ማስታወሻ ጽፌ ላክሁ፤ መልሱ በተላላኪዋ መጣ፦ «የጠየቁት ፋይል በእርስዎ መሳቢያ ውስጥ አለመኖሩን እንዲያረጋግጡ እንጠይቃለን።» ነጥቡ ገብቶኛል። ያስለቀሰኝ ግን ‘እርስዎ’ የምትለዋ ናት። እትዬ አሰገደች አንቱ አሉኝ። ስድስት ዓመት «አንተ ልጅ» ሲሉኝ የኖሩ ሴትዮ!

ለያሬድም ጻፍኩለት፤ ሁሉንም፣ ከነክራሩ። «መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ገብቷል፤ ምንም ማድረግ አልችልም» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ጠላፊው አንተ ነህ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መጽሐፉ ወጣ። ምርቃቱ እዚሁ እኛው ሰፈር ካለ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። አልሄድኩም፤ እሳቸውም አልሄዱም።

ምርቃቱ ባለፈ በሦስተኛው ሳምንት እትዬ ጽሑፉን በልጃቸው አስተይበው ግሩፑ ላይ አወጡት። ልጅቷ ደግሞ የዛሬ ልጅ ናት፤ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈችው። ሰው ተቸገረ። ግማሹ «በሬ» የሚለውን «በር» ብሎ አንብቦ፣ ጋሽ ደምሴ በየጠዋቱ እንደ በር የሆኑት ለምን እንደሆነ ይከራከራል። «ዘይት ማጣት ነው» ያለም አለ። እትዬ በማግስቱ አስጠፉት።

በዚያው ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ።

«ውረድ» አለ የእትዬ ድምፅ።

ውረድ! ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም። መዝገብ ቤት ስገባ ወረቀቶቹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል፤ ከፊታቸው አንድ ወንበር ባዶ ነው።

«አንተ ክፉ ነህ» አሉኝ። «ግን ፊደል ታውቃለህ። ቁጭ በል።»

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ...»

«ጻፍ።»

እሳቸው እያነበቡ፣ እኔ እየተየብኩ፣ ከእያንዳንዱ አንቀጽ በኋላ ስልኩን ተቀብለው በመነጽራቸው እየመረመሩ ቀጠልን። አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ ከእኔ ጋር ብቻዋን አልተዉም። ያቺ ጠዋት ላይ ደረስን።

«‘ባለቤቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንደ በሬ ድምፅ አሰሙ’» ብለው አነበቡ።

እጄ ቆመ።

«ምን ሆንክ? ጻፍ እንጂ።»

«እትዬ፣ ምንም አልነካም፣ እምላለሁ። ግን... በሬ ድምፅ አያሰማም። ድምፅ የሚያሰማው ሬዲዮ ነው።»

«አውቃለሁ። የቄራ ልጅ ነኝ፤ ስለ በሬ ለእኔ ትነግረኛለህ? ‘አጓራ’ እንደሚባል ጠፍቶኝ ነው? ግን ሰውየው አርፈዋል። ያረፈን ሰው፣ ያውም ጋሽ ደምሴን፣ ‘አጓራ’ ብዬ ልጻፍ? ነውር ነው።»

«‘አጓሩ’ ይበሉዋ።»

«ምን?»

«በአክብሮት። ‘ባለቤቴ አጓሩ።’»

መነጽራቸውን አወለቁ። ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ፤ ባለቤቴ... አጓሩ። አንድ ጊዜ ደገሙት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የጋዋናቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው፣ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ሳይለይልኝ ብዙ ቆዩ።

«ከነከረባታቸው» አሉ በመጨረሻ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ጻፋት። እሷን ጻፋት።»

ቅዳሜ ወጣ። ስለተባለው ሁሉ አላወራችሁም፤ ጨጓራዬ ገና አልዳነም። የደሴዋ ነርስ በሽተኞቿን ሰብስባ አነበበችላቸው። ያሬድ አናት ላይ ሰቀለውና «መድብላችን ውስጥ ያለው ሁሉ ተደምሮ ይቺን አያክልም» ብሎ ጻፈ፤ ሃያዎቹ አኩርፈው ግሩፑ ሁለት ቀን ታመሰ። ከሁሉ በላይ ግን ሰው እየቀዳ የሚለጥፈው አንዲት መስመር ነበር፦ «ባለቤቴ አጓሩ።» ሚስቶች ለባሎቻቸው ይልኩታል። ባሎች ተነሥተው ከረባት ያስራሉ።

ሰናይት ወንበር ይዛ ትስቃለች። «‘አጓሩ’ ትላለች እኮ! በአንቱታ!»

«‘አጓሩ’ የእኔ ናት» አልኩ።

«ምኗ?»

«ቃሏ። እኔ ነኝ ያቀበልኳቸው።»

ሳቋን አቆመችና አየችኝ። «እሺ። የቀረውንስ?»

እዚያ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ታላቅ ሰው ዝም ይላል። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ከጽሑፉ ሥር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «‘አጓሩ’ የምትለዋን ቃል ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ።» ለቀቅሁት። ወዲያው ሰው ወረደብኝ። «ደግሞ ይሄ ማነው?» «ሰው እንዲህ አያፍርም እንዴ?» «ውሸታም!» «ሐምራዊው ልጅ አይደለም እንዴ?» ላጠፋው ጣቴን ዘረጋሁ።

ከሥሩ አዲስ መልስ ብቅ አለ። ከእትዬ አሰገደች ገጽ ነው። የተየብኩላቸው እኔ አይደለሁም፤ ልጃቸውም አይደለችም፣ ፊደሉ የአማርኛ ነው። አንድ በአንድ እየፈለጉ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀባቸው እንጃ። «እውንት ነው» ይላል። ስልክ ላይ በራሳቸው ጣት የጻፉት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው።

ስድቡ ቆመ። ያቺ የእኔ መስመር አርባ ላይክ አገኘች፤ በሕይወቴ እንዲህ ተወድጄ አላውቅም። ከመታጠቢያ ቤት ወጥቼ ለሰናይት ላሳያት ስል ዓይኔ ዝቅ አለና ከሥሯ ያለችውን የእሳቸውን መልስ አየሁ። ሁለት ቃል ናት፤ አንደኛዋ የፊደል ስህተት አለባት። ሦስት መቶ ሰው ወድዷታል። ሦስት መቶ አንደኛው እኔ ሆንኩ፤ አውራ ጣቷን የነካኋት ግን ጥርሴን ነክሼ ነው።